ቀላሉ ዘመን ለማን ቀለለ?

የልጅነቴ ንጋት የሚጀምረው በጀሪካን ኳኳታ ነበር። በ1980ዎቹ መጨረሻ፣ አዲስ አበባ ውስጥ፣ እንደ ብዙ ጎረቤቶቻችን ሁሉ እኛም ቤት ቧንቧ አልነበረም። ውኃ የምንቀዳው ከሰፈሩ ቦኖ ነው። ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ቢጫ ጀሪካኖች ባለቤቶቻቸውን ወክለው ተሰልፈዋል። ትርፍ ጀሪካን የሌለው ድንጋይ ያስቀምጣል፤ ድንጋዩም እንደ ሰው ተራው ይከበርለታል። ሐዘን የገባበት ቤት ወረፋ አይጠብቅም፤ ሁሉም ተራውን ይለቅለታል።

ስለዚያ ቦኖ ብዙ ግጥም ጽፌአለሁ። በሁሉም ውስጥ ያ ዘመን ቀላል፣ ሰዉም ደግ ነው።

ቃሉ ራሱ ታሪክ አለው። «ቦኖ» ከጣሊያንኛ የመጣ ሲሆን ትርጉሙም ኩፖን ማለት ነው። ጀሪካንም የጦርነት ልጅ ነው፤ የጀርመን ጦር ለነዳጅ መያዣ ያሠራውን ቆርቆሮ እንግሊዞች ለጀርመኖች ባወጡት «ጄሪ» በሚለው ቅጽል ስም ጠሩት። እኛ ሰፈር የደረሰው ግን ፕላስቲክ ሆኖ፣ የምግብ ዘይቱ ካለቀ በኋላ ነው፤ ደርሶም እንስራን ከሴቶች ጀርባ አወረደ። ሸክሙን ግን አላወረደውም።

ዳግማዊ ምኒልክ በስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ በአልፍሬድ ኢልግ አማካይነት ከእንጦጦ በኩል የመነጨውን ውኃ በቧንቧ ወደ ቤተ መንግሥታቸው ያስገቡት በ1886 ዓ.ም. ነበር። ከዚያ በኋላ ገፈርሳ ተገደበ፤ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ለገዳዲ ተከተለ። እኛ ግቢ ቧንቧ የገባው በ1994 ዓ.ም. ነው። ከቤተ መንግሥቱ እስከ እኛ ደጅ ውኃው 108 ዓመት ተጓዘ ማለት ነው።

እነዚያን ዓመታት በመካከል ሆኖ የሞላቸው ማን ነው? የብዙ ቤት እናቶችና ሴቶች ልጆች ናቸው። በእኛ ቤት እታለም ነበረች።

በ1989 ዓ.ም. እኔ የሰባት፣ እርሷ የ13 ዓመት ልጅ ነበርን። ሃያ ሊትር ውኃ ሃያ ኪሎ ነው። እርሷ ያንን በገመድ አዝላ ዳገቱን ትወጣለች፤ እኔ ባዶ ጆግ ይዤ እየዘለልሁ እከተላለሁ። ሦስት ጊዜ ትመላለሳለች። ሦስተኛውን ስታወርድ የትምህርት ቤቱ ደወል ተደውሏል። የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ሒሳብ ነበር። እታለም ሒሳብን ከበር ውጭ ሆና ተማረች ብል ማጋነን አይሆንም። ስምንተኛ ክፍልን ሁለት ጊዜ ተቀመጠችበት፤ ሦስተኛውን አልሞከረችም። እኔ ፊቴን ታጥቤ፣ ቁርሴን በልቼ፣ በሰዓቱ ተማርሁ። ዲግሪዬ ላይ የተጻፈው የእኔ ስም ብቻ ነው።

ባለፈው ዓመት ለበዓል ቤቷ ሄጄ ስለ ቦኖው ከጻፍኋቸው ግጥሞች የምወደውን አነበብሁላት። ቡናውን እየቀዳች እስከ መጨረሻው አዳመጠችኝ። «ያምራል ወንድምዬ» አለች። ሲኒውን ካቀበለችኝ በኋላ ቀስ ብላ፣ «ግን እኔን የት አደረግኸኝ?» አለችኝ።

የምመልሰው አልነበረኝም። ድንጋዩ ሳይቀር በግጥሙ ውስጥ ተራ ይዟል፤ እርሷ የለችበትም።

ያ ዘመን ደግነት አልነበረውም አልልም። ለሐዘንተኛ ተራ ሲለቀቅ በዓይኔ አይቻለሁ። ዛሬ በየቤታችን ቧንቧ ገብቶ የጎረቤቶቻችንን ስም እንኳ የማናውቅ ብዙዎች ነን፤ ይህም እውነት ነው። ነገር ግን እኔ «ቀላል» ያልሁት ዘመን የቀለለው ለእኔ ነበር። የቀለለውም ክብደቱ በሌላ ሰው ጀርባ ላይ ስለነበረ ነው።

ዛሬም በከተማችን ውኃ በፈረቃ ሲሆን ጀሪካኖቻችንን እንሞላለን። አንዱን ሙሉ ጀሪካን ከመሬት ባነሣሁ ቁጥር የ13 ዓመት ልጅ ትዝ ትለኛለች።

ውድ አንባብያን፣ እናንተስ የምትናፍቁትን ዘመን ማን ተሸክሞላችሁ ነበር?