በግንቦት ልደታ ሰሞን
ባለ ቀለም ፎቶግራፎች። አንሺዎቹ በትርፍ ጊዜያቸው ካሜራ የሚይዙ የሰፈር ነዋሪዎች ናቸው። ልደታ፣ አዲስ አበባ።

ፀደይ በእኛ ዘመን አቆጣጠር ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ይዘልቃል፤ ግንቦት 1 ደግሞ የሰፈሩ ቤተ ክርስቲያን የልደታ ማርያም በዓል ነው። በግራ ባለው ፎቶ ጎረቤታሞች በኮንዶሚኒየም ግቢ ቄጠማ ጎዝጉዘው ንፍሮ ይቋደሳሉ። ከጀበናው ኋላ አጥሩ ላይ ቁራ ቆሟል። አንሺው ያነጣጠረው ሰዎቹ ላይ ሳይሆን አይቀርም፤ ጥርት ብሎ የወጣው ግን ቁራው ነው። ወፍራም ምንቃሩንና ማጅራቱ ላይ ያለውን ነጭ ልብ ይበሉ። ይህ ዝርያ የአፍሪካ ቀንድ ወፍ ነው። ጥቁር ላባን በደመናማ ሰማይ ፊት ማንሳት ቀላል አይደለም፤ ካሜራው ብርሃኑን ለሰማዩ ሲመጥን ወፉ ጥላ ብቻ ሆኖ ይቀራል። እዚህ ከበስተኋላው ያለው ግድግዳ አድኖታል።

በቀኝ ያለው ከቀላል ባቡሩ ድልድይ ሥር የተነሳ ነው። ባቡሩ በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር በልደታ በኩል በከፍታ አለፈ። በፎቶው የሚታዩት ነጭ አንገት እርግቦች የሚገኙት በኢትዮጵያና በኤርትራ ደጋ ብቻ ነው። ተፈጥሯቸው ገደል ላይ መኖር ነውና ኮንክሪቱም አላስቸገራቸውም። ቆመው ሲታዩ ግራጫ ናቸው፤ የክንፋቸው ነጭ የሚገለጠው ሲበሩ ነው። የአንዷ ክንፍ ጫፍ ደብዝዟል፦ የምሽት ብርሃን አንሶ የካሜራው መዝጊያ ዘግይቷል። ለእኛ ከጥርቱ ይልቅ ይህ ይበልጥብናል። ታች ታክሲ የሚጠብቁት ሰዎች ግን አንዳቸውም ቀና አላሉም።

የቀሩት ትናንሽ ፎቶዎች የተነሱት በእጅ ስልክ ነው።