ድምፅ በየቤቱ ሲቀረጽ፦ የካሴት ዘመን በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ

ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ የሚወርደው መንገድ ሰበታን፣ ወደ አምቦና ወደ ነቀምቴ የሚዘልቀው ቡራዩን፣ እንጦጦን ተሻግሮ ወደ ጎጃም የሚያቀናው ደግሞ ሱሉልታን፣ ገና ከዋናው ከተማ ደጃፍ እንደ ወጣ ያገኛቸዋል። ስለ እነዚህ ሦስት ከተሞች የሚጽፉ ሰዎች ብዕራቸውን የሚያነሡት አብዛኛውን ጊዜ ስለ ሰበታው የሜታ አቦ ቢራ ፋብሪካ፣ ከቡራዩ አጠገብ ስላለው ስለ ገፈርሳ ግድብ፣ ወይም ስለ ሱሉልታ ሜዳ ሣርና ወተት ነው፤ ይህም የተገባ ነው። እኔ ግን ከሳሎኑ ቡፌ ላይ ዳንቴል ለብሶ ስለ ኖረው፣ አባወራው ካልፈቀደ በቀር ልጅ እንዳይነካው ስለሚከለከለው ስለ ቴፕ፣ በጎኑም ተደርድረው ስለሚገኙት ካሴቶች መናገርን መረጥሁ፤ የቤተ መንግሥትና የነጋዴ ሀብት ሆኖ የቆየው ድምፅን የመቅረጽ ሥልጣን ወደ ተራው ሰው ቤት የገባው በዚህ መሣሪያ ነውና።

ነገሩን ከሥሩ ለመያዝ ወደ ኋላ መለስ ማለት ያስፈልጋል። በ1890 ዓ.ም. መጨረሻ የእንግሊዝ ንግሥት ቪክቶሪያ ለዳግማዊ ምኒልክና ለእቴጌ ጣይቱ የሰላምታ ቃልዋን በፎኖግራፍ አስቀርጻ በላከች ጊዜ፣ በተከታዩም ዓመት ንጉሠ ነገሥቱና እቴጌይቱ መልሳቸውን በዚያው መሣሪያ በገዛ አንደበታቸው በሰጡ ጊዜ፣ ድምፅን ማስቀረት ከነገሥታት ወደ ነገሥታት የሚላክ ገጸ በረከት ነበረ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ወደ ጀርመን አገር ሄደው ዜማቸውን በሸክላ አስቀረጹ፤ ይህም የአገራችን የሸክላ ሙዚቃ መጀመሪያ ሆነ። ይሁን እንጂ ሸክላ ከታተመ በኋላ የሚደመጥ እንጂ የሚጻፍበት አይደለም፤ ሸክላ የገዛ ሰው ሁሉ ሰሚ ብቻ ሆኖ ቀረ። በኋላም ዘፈንን በሸክላ የማሳተም መብት ለአገር ፍቅር ቴአትር ተለይቶ ተሰጥቶ ስለ ነበረ፣ ወጣቱ አምሃ እሸቴ በ1961 ዓ.ም. ይህን ገደብ ተዳፍሮ የዓለማየሁ እሸቴን ዘፈን በህንድ አገር አሳትሞ እስከሚያወጣ ድረስ የአገሩ ዘፋኝ ሁሉ በዚያ አጥር ውስጥ ነበረ። አምሃ አገር ጥሎ እስከ ወጣበት እስከ 1967 ዓ.ም. ድረስ ከ100 በላይ ነጠላ ሸክላዎችን አወጣ፤ ዓሊ አብደላ ካይፋም ተከተለው። ያ ዘመን ዛሬ በዓለም ሁሉ የሚወደስ ዘመን ነው፤ ውዳሴውም ይገባዋል። ነገር ግን የሸክላ ማጫወቻ ከነሸክላው የዋና ከተማው ምቹ ሰው ዕቃ እንደ ነበረ፣ ሰበታና ሱሉልታም ከዚያ ድግስ የደረሳቸው በራዲዮና በቡና ቤት በኩል የሚሰማው ብቻ እንደ ነበረ አይዘነጋም።

ካሴትን የሆላንዱ ፊሊፕስ ኩባንያ ለሕዝብ ያሳየው በ1955 ዓ.ም. መጨረሻ በበርሊን በተደረገው የራዲዮ ኤግዚቢሽን ላይ ነው፤ ሥራውን የመራው መሐንዲስ ሉ ኦተንስ ይባል ነበር። ምሥጢሩ ቀላል ነው፤ ስፋቱ 3.81 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ ገጹ በደቀቀ የብረት ዝገት የተቀባ ቀጭን የፕላስቲክ ክር፣ በሴኮንድ 4.76 ሴንቲ ሜትር እየተጓዘ ቴፕ ሠሪዎች «ሄድ» በሚሉት ማግኔት ፊት ያልፋል፤ ማግኔቱም በድምፁ ልክ ዝገቱን ያሰልፈዋል፤ በሚደመጥበት ጊዜ ደግሞ የተሰለፈው ዝገት ለማግኔቱ ያንኑ መልሶ ይነግረዋል። የ60 ደቂቃው ካሴት ከ85 ሜትር የማያንስ ክር በደረት ኪስ በሚገባ ቅርፊት ውስጥ ጠቅልሎ ይይዛል። ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ግን አንድ ነገር ነበር፤ ያው የሚያጫውተው ዕቃ ይቀዳልም። ቀይዋን ቁልፍ ከማጫወቻው ቁልፍ ጋር አብሮ የተጫነ ገበሬም ሆነ ተማሪ፣ በዚያች ቅጽበት ምኒልክ በፎኖግራፍ ፊት የሠሩትን ሠራ።

ከአብዮቱ በኋላ የደረሰው ነገር የካሴትን ዕድል አሰፋ። ሸክላ በውጭ አገር ስለሚታተም የውጭ ምንዛሪና ፈቃድ ይሻ ነበር፤ ካሴት ግን አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ጠባብ ክፍል ሊባዛ ይችላል። የሰዓት እላፊ ገደብ ሲጣል የሌሊቱ የዳንስ ቤት ሕይወት እየመነመነ ሄደ፤ ባንዶቹ ከሆቴሎች አዳራሽ በቀር መድረክ አጡ፤ ሕዝቡም ማታ ማታ በየቤቱ ተከቶ ተቀመጠ። ቤቱ የተዘጋበት ሰው ጆሮውን ወደ ቴፑ መለሰ። የሮሃና የዋልያስ ባንዶች አጅበዋቸው የሠሩት የጥላሁን ገሠሠ፣ የማሕሙድ አሕመድ፣ የብዙነሽ በቀለ፣ የአስቴር አወቀ፣ የኤፍሬም ታምሩና የነዋይ ደበበ ዘፈኖች በሰው ልብ የገቡት በአብዛኛው በዚህ መንገድ ነው። የሙዚቃ ቤቶች ስም፣ ማለት ታንጎ፣ ኤሌክትራ፣ አምባሰል፣ ሱፐር ሶኒክ፣ በኋላም ማስተር ሳውንድና ናሆም፣ ከዘፋኙ ስም ባልተናነሰ ይታወቅ ጀመር። የአንድ ሰው ሹመትና ሽረት በጋዜጣ እንደሚነገር፣ የአዲስ ካሴት መውጣትም በየሙዚቃ ቤቱ ደጃፍ በድምፅ ማጉያ ይታወጅ ነበር።

ሦስቱ ከተሞች በዚህ ታሪክ ውስጥ ያላቸውን ስፍራ ለመረዳት መንገዳቸውን ማሰብ ይበቃል። ከአዲስ አበባ የወጣ ካሴት ወደ ክፍለ ሀገር የሚሄደው በሾፌሮች እጅ ነበረና፣ የጎጃም አውቶቡስ ሱሉልታ ላይ፣ የወለጋ የጭነት መኪና ቡራዩ ላይ፣ የጅማው ሰበታ ላይ ቆም ባለ ጊዜ፣ በመኪናው ቴፕ የሚጮኸው ዘፈን በመንገድ ዳር ላለው ሻይ ቤት የነጻ ማስታወቂያ ነበረ። ሻይ ቤቱ ካሴቱን ይገዛል፤ የሻይ ቤቱን ካሴት የሰፈሩ ባለቴፕ ይዋሳል፤ ባለ ሁለት ካሴት ቴፕ ያለው ጎረቤት ደግሞ ይገለብጠዋል። እነዚህ ከተሞች የኦሮሞ ሕዝብ አገር በመሆናቸው፣ በድሬዳዋ አፍረን ቀሎ ከተባለው ቡድን የተነሣው፣ በክብር ዘበኛ የሙዚቃ ክፍል ያገለገለውና በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ያረፈው ዓሊ ቢራ በቡፌው ላይ ከጥላሁን ጎን ለጎን ይቀመጥ ነበር፤ አንዱን ሰምቶ ሌላውን የሚተው ቤት ጥቂት ነው። ስለ ሕዝቦች አብሮ መኖር በየጉባኤው ከሚደረገው ንግግር ይልቅ የአንዱ ቤት የካሴት መደርደሪያ የበለጠ ይመሰክራል ብዬ አምናለሁ።

ያ መገልበጥ ግን ለዘፋኙ ሌብነት ነበረ፤ ይህን መሸፈን አይገባም። ከያኒው ዓመት የደከመበትን ሥራ፣ ባዶ ካሴት የገዛ ሁሉ በአንድ ሰዓት ውስጥ የራሱ ያደርገው ነበር። ሙዚቀኞች ብዙ ጊዜ ከጮኹ በኋላ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 በ1996 ዓ.ም. ወጣ፤ በዚያን ጊዜ ግን ሲዲ ካሴትን እየገፋው ስለ ነበረ፣ ሕጉ የደረሰው የካሴት ዘመን ከተገባደደ በኋላ ነው።

በሰበታ ስለ ካሴት ሲነገር የማይታለፍ አንድ ቤት አለ፤ እርሱም በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የተቋቋመው መርሐ ዕውራን ትምህርት ቤት ነው። ዓይናማው ካሴትን ለተድላ ሲፈልገው፣ ዓይነ ስውሩ ተማሪ ለመጽሐፍ ፈለገው። በብሬል የታተመ የአማርኛ መጽሐፍ እጅግ ውሱን በነበረበት ዘመን፣ የሚያነብለት ወዳጅ ያገኘ ተማሪ ምዕራፉን በካሴት ያስቀዳና ለፈተና እየመላለሰ ይሰማው ነበር። ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» በኢትዮጵያ ራዲዮ የተረከው ትረካ እስከ ዛሬ ድረስ ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፈውም፣ ድምፁ ከራዲዮው ሞገድ ጋር እንዳይጠፋ በክር ላይ ስለ ተያዘ ነው። ንባብ የማያውቁ ስንት እናቶች ያንን ታላቅ ልብ ወለድ በጆሮአቸው አነበቡት!

መሣሪያው ራሱ ከየት ይመጣ እንደ ነበረ ባጭሩ ላመልክት። ከመርካቶ፣ በድሬዳዋም ታይዋን ከሚባለው ገበያ ይገዛል፤ ወይም ከጅዳና ከቤይሩት የተመለሰች እኅት ለእናትዋ ታመጣዋለች። አውሮጳውያን የዕቃ ሰብሳቢዎች ዛሬ ናካሚቺ የተባለውን ባለ ሦስት ሄድ የጃፓን ዴክ እንደ ጌጥ ሲያከብሩት፣ በእኛ ዘንድ ክብሩ የናሽናል፣ የሶኒ፣ የሻርፕና የፊሊፕስ ነበረ። መብራት ባልደረሰበት የገጠር ጓሮ ቴፑ በባትሪ ድንጋይ ይሠራል፤ ድንጋዩ ሲደክምም ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ጥቂት ነፍስ ይዘራበታል። ካሴት ሲላላ በእስክሪብቶ ይጠነጠናል፤ ቴፑ ክሩን በበላ ጊዜም ቤቱ በሙሉ ትንፋሹን ውጦ፣ እጀ ቀጭኗ ልጅ ክሩን ሳትበጥስ እስክታወጣው ይጠብቃል።

ታዲያ በእነዚያ ቤቶች ከተቀዳው ሁሉ የሚበልጠው የዘፈኑ ግልባጭ አይመስለኝም። ባለ ቴፑ ሰው ባዶ ካሴት በገባለት ቁጥር የሰርጉን ሽለላና የአማቹን ምርቃት፣ የአያቱን የዘር ቆጠራ፣ የለቅሶውን ሙሾ፣ የሰንበት ትምህርት ቤቱን መዝሙርና የሰባኪውን ቃል፣ የሕፃኑን የመጀመሪያ ንግግር ይቀዳ ነበር። ስልክ ውድ፣ ደብዳቤም ጸሐፊና አንባቢ የሚያሻው በነበረበት ዘመን፣ ወደ ውጭ አገር ለሄደ ልጅ በካሴት ሰላምታ ይላክለት ነበር፤ እናት ትናገራለች፣ አባት ይመክራል፣ ጎረቤት በተራ ቀርቦ «እንደምን አለህ ልጄ» ይላል፣ ከኋላም ዶሮ ሲጮኽ ይሰማል። በሙዚቃ ቤት የተሸጠው ካሴት በሺህ የሚቆጠር ወንድምና እኅት አለው፤ ይህኛው ግን በዓለም ላይ ብቻውን ነው።

ከ1980ዎቹ መጨረሻ ወዲህ የአዲስ አበባ ቤት ኪራይና የቦታ ዋጋ እየከበደ ሲሄድ ብዙ ቤተ ሰብ ጓዙን ጠቅልሎ ወደ ዙሪያው ወጣ፤ ሦስቱም ከተሞች በ2015 ዓ.ም. ሸገር በተባለው አዲስ ከተማ ሥር እስከ ተጠቃለሉ ድረስ እየሰፉ ሄዱ። ቡፌውና ቴፑ ከአራት ኪሎና ከመርካቶ ዙሪያ ተነሥተው ቡራዩና ሰበታ የደረሱት በዚህ ስደት ነው። ለዚህም ነው ዛሬ አሮጌ ቴፕ ለማየት የሚሻ ሰው ከመሐል ከተማው አፓርታማ ይልቅ በዙሪያው ባለ ግቢ ቤቶች የሚያገኘው፤ ሰፊ ሳሎን ያለው ሰው ዕቃ ለመጣል አይቸኩልም።

በእነዚህ ቤቶች ቴፑን አሁንም የሚያጫውቱ ሰዎች አሉ፤ ደስታቸውም የናፍቆት ብቻ አይደለም። ስልክ ዘፈንን በጣት ያስዘልላል፤ ካሴት ግን ሰሚውን በትዕግሥት ያስቀምጠዋል፤ ከያኒው ያሰናዳውን ቅደም ተከተል እየጠበቀ አንዱን ገጽ ጨርሶ ተነሥቶ ይገለብጠዋል። ችግራቸው ጥገና ነው። ሞተሩን ከመንኮራኩሩ የሚያያይዘው ጎማ በዕድሜ ይላላል ወይም እንደ ሬንጅ ይቀልጣል፤ ሄዱ የዝገት እድፍ ይይዛል፤ «ራዲዮና ቴፕ እንጠግናለን» የሚለው ጽሑፍ ከየሱቁ በር እየተፋቀ ሞባይል ጥገና ተተክቶበታል። የቀሩት ሽማግሌ ጠጋኞች ግን ሊደመጡ የሚገባቸው ሊቃውንት ናቸው፤ ምክንያቱን ላስረዳ።

በሄዱ ጎን አንዲት ትንሽ ብሎን አለች፤ ሄዱን ከክሩ አንጻር ቀጥ የምታደርገው እርስዋ ናት። ይህች ብሎን በጥቂቱ ብትዛነፍ የጸናጽልና የመሰንቆ ቀጭን ድምፅ ይጠፋና ዜማው በጋቢ ተሸፍኖ እንደሚሰማ ይሆናል። በተዛነፈ ሄድ የተቀዳ ካሴት በሌላ ቴፕ ሲጫወት ይደበዝዛል፤ በቀዳው ቴፕ ላይ ግን ጥርት ብሎ ይሰማል፤ ስሕተቱ ከስሕተቱ ጋር ስለሚገጥም ነው። የሞተሩም ፍጥነት እንደዚሁ ነው፤ ቀስ ብሎ የሚዞር ቴፕ የቀዳው የአያት ድምፅ በሌላው ላይ ቀጥኖ የወጣት ድምፅ ይመስላል። ስለዚህ ቤት ውስጥ የተቀዳ ካሴትና የቀዳው ቴፕ ሊነጣጠሉ አይገባም፤ ካሴቶቹን አስቀርቶ ቴፑን ለቆራሌው የሚሸጥ ሰው፣ ሳያውቀው የካሴቶቹንም ግማሽ ሸጧል።

አንድ የተረሳ ካሴት ምን ሊያደርግ እንደሚችል የሚያስረዳ ታሪክ አለ። የዋልያስ ባንድ የኦርጋን ተጫዋች የነበረው ኃይሉ መርጊያ፣ በአሜሪካ ከቀረ በኋላ፣ አኮርዲዮንን ከኤሌክትሪክ ፒያኖና ከሲንተሳይዘር ጋር አዋሕዶ በ1977 ዓ.ም. አንድ ካሴት አወጣ። ዓመታት አለፉ፤ እርሱም በዋሽንግተን ታክሲ እየነዳ ይኖር ነበር። በመጨረሻ ብራያን ሺምኮቪትዝ የተባለ አሜሪካዊ ካሴቱን በባሕር ዳር ከአንድ ካሴት ቤት ገዝቶ አደመጠው፤ ባለሥራውንም ፈልጎ አገኘውና በ2005 ዓ.ም. ሥራው እንደገና ታተመ፤ ኃይሉም ወደ ዓለም መድረክ ተመለሰ። አንድ ባለሱቅ መደርደሪያውን ለማጽዳት ቸኩሎ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ባልሆነ ነበር።

እንግዲህ በሰበታም፣ በቡራዩም፣ በሱሉልታም፣ ወይም በየትም ያለህ፣ ቡፌህ ላይ አሮጌ ቴፕ ያለህ አንባቢ ሆይ፣ የምለምንህ ጥቂት ነገር ነው። ቤት ውስጥ የተቀዱትን ካሴቶች ከሙዚቃ ቤት ከተገዙት ለያቸው፤ ማን እንደሚናገርባቸውና በስንት ዓመተ ምሕረት እንደ ተቀዱ፣ የሚያውቁት ሽማግሌዎች በሕይወት ሳሉ ጠይቀህ ጻፍባቸው። ከካሴቱ ጀርባ ያሉትን ሁለት ትናንሽ ጥርሶች ስበራቸው፤ ማንም ሳያውቅ ሌላ ነገር እንዳይቀዳባቸው። ሄዱን በአልኮል በራሰ ጥጥ ጥረገው፤ ካሴቶቹንም በቀዳቸው ቴፕ ላይ አጫውተህ ወደ ኮምፒዩተር አስገልብጥ፤ ከገለበጥህም በኋላ ቴፑን አትሽጠው።