ቤቱን ለሚያሳድስ ሰው የሚቆምለት ማን ነው?

አዲስ ቤት የሚያሠራ ሰው ከባዶ መሬት ስለሚነሣ ሥራው ሁሉ በዓይኑ ፊት ነው። ያረጀ ቤት የሚያሳድስ ግን ችግሩ ተሸፍኖ ይጠብቀዋል። ቋሚውን ምስጥ በልቶት፣ ማገሩም በስብሶ እንደ ሆነ ልስኑ ካልተነሣ አይታወቅም፤ ልስኑን የሚያነሣው ደግሞ ገንዘቡን የሚቀበለው ግንበኛ ነው። እንግዲህ ግንበኛው «ይኽም ተበላሽቷል፣ ያም ይለወጥ» ባለው ጊዜ ሙያውን የማያውቅ ባለቤት ምን ይመልሳል? ቢያምነው ይከስር ይሆናል፤ ባያምነው ምናልባት እውነተኛውን ሠራተኛ ያስቀይማል። ሰዎች ይኽን ጭንቀት ለማቃለል በየዘመኑ ያደረጉትን ማወቅ ለወጣት አንባቢ የሚጠቅም ይመስለኛል፤ ዛሬ ባይሆን ነገ የአባቱን ቤት ማሳደሱ አይቀርምና።

በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለሁ የተማርሁት የይሁዳ ንጉሥ የኢዮአስ ታሪክ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ9ኛው መቶ ዓመት የተደረገ ነው። በሁለተኛው መጽሐፈ ነገሥት በ12ኛው ምዕራፍ እንደ ተጻፈው፣ ንጉሡ ካህናቱ ከሕዝቡ ገንዘብ እየተቀበሉ የቤተ መቅደሱን ፍራሽ እንዲጠግኑ አዘዘ። በነገሠ በ23ኛው ዓመት ቢመለከት ፍራሹ እንደ ነበረ ነው። መጽሐፉ ካህናቱን ሌቦች ብሎ እንደማይከሳቸው ልብ በሉ። እኔ እንደሚመስለኝ ጥፋቱ ተቀባዩም፣ ከፋዩም፣ አሠሪውም አንድ እጅ መሆኑ ነበር። ከዚያ በኋላ ካህኑ ዮዳሄ የአንድ ሣጥን ክዳን ነድሎ በመሠዊያው አጠገብ አኖረ። ሣጥኑ ሲሞላ የንጉሡ ጸሐፊና ሊቀ ካህናቱ ሁለቱ በአንድነት ቈጥረው ለሥራው ተቈጣጣሪዎች ይሰጡ ነበር፤ እነርሱም ለአናጢዎች፣ ለግንበኞችና ለድንጋይ ጠራቢዎች ይከፍሉ፣ እንጨትና የተጠረበ ድንጋይም ይገዙ ነበር። ተቈጣጣሪዎቹ ታማኞች ስለ ነበሩ ሒሳብ አልተጠየቁም ይላል። ተማሪዎቼ እዚህ ላይ ሲደርሱ ሁልጊዜ ይከራከሩኝ ነበር፤ «ሒሳብ የማይጠየቅ ሰው ታማኝ ሆኖ እስከ መቼ ይቈያል?» እያሉ። ጥያቄያቸው ተገቢ ነበር።

የኤፌሶን ሰዎች ለዚሁ ጥያቄ ጠንከር ያለ መልስ ሰጥተዋል። ቪትሩቪየስ የተባለው ሮማዊ መሐንዲስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1ኛው መቶ ዓመት እንደ ጻፈው፣ በዚያች ከተማ የሕዝብ ሕንፃ የሚሠራ መሐንዲስ ወጪው ስንት እንደሚሆን አስቀድሞ ያስታውቃል፤ ሥራው እስኪፈጸም ድረስም የራሱ ሀብት በዳኛ ፊት በመያዣነት ይቀመጣል። ወጪው ከቃሉ ጋራ ቢስማማ በክብር ይመሰገናል። እስከ ሩብ ቢያልፍ ጭማሪውን የሕዝብ ግምጃ ቤት ይከፍላል፤ ከሩብ በላይ ቢያልፍ ግን ለማስፈጸሚያው የሚያስፈልገው ከመሐንዲሱ ሀብት ይወሰዳል። እንግዲህ 1000 ብሎ የገመተ ሰው ሥራው 1250 ቢፈጅ አይነካም፤ 1400 ቢፈጅ ግን ወዮለት! ቪትሩቪየስ ይኽ ሕግ በሮም ለግል ቤቶችም በሆነ ብሎ ተመኝቷል። ቤት ሲያሠራ የደኸየ ሰው ብዙ ሳያይ አልቀረም።

እንደዚህ ያለው ሕግ መሐንዲሱን ያስፈራዋል እንጂ የባለቤቱ ወገን አያደርገውም። ይኽን ለይቶ የተናገረው እንግሊዛዊው ጆን ሶን ነው። በ1753 (ዓመቶቹን በአውሮፓ አቈጣጠር እጽፋለሁ) ከአንድ ግንበኛ ተወለደ፤ የጡብንና የኖራን ነገር ከልጅነቱ ያየ ሰው ነበር። በ1788 የእንግሊዝ ባንክ መሐንዲስ ሆኖ ተሾመ፤ በዚያው ዓመት ባሳተመው መጽሐፍም መሐንዲስ ማለት በአሠሪውና በሠራተኛው መካከል የሚቆም ሰው መሆኑን አስረዳ። የአሠሪውን ክብርና ጥቅም ይጠብቃል፤ የሠራተኛውንም መብት ይከላከላል። እንደዚህ ያለ ሰው ራሱ ሥራ ተቋራጭ ቢሆን ሁለቱ እንዴት ይስማማሉ? በ1834 በለንደን የተቋቋመው የመሐንዲሶች ማኅበርም በሕንፃ ዕቃ ንግድና በኮንትራት ጥቅም ያለውን ሰው በአባልነት አልቀበልም አለ። እኔ በዚህ ሐሳብ ከሁሉ የሚያስደንቀኝ የሠራተኛው መብት መታሰቡ ነው። ተቈጣጣሪ ሲባል ብዙ ሰው ግንበኛውን የሚያስጨንቅ ዘበኛ ይመስለዋልና።

በእኛ አገር «ተቈጣጣሪ» የሚባለው ብዙ ጊዜ ሲሚንቶና ቆርቆሮ ከሚገዛበት ሱቅ ድርሻውን የሚቀበል ሰው ነው። እንዲህ ያለው ዋጋው ሲወደድ ይደሰታል እንጂ አያዝንም። ስለዚህ አንዲት ጎረቤቴ ባላቸው ከሞቱ በኋላ የጭቃ ቤታቸውን ሊያሳድሱ ሲያስቡ፣ ዕቃ የማይገዛ፣ ገንዘብም የማይነካ፣ ጡረታ የወጣ የግንባታ መምህር በቀን ሒሳብ ቀጠሩ። ዘመዶቻቸው «ለሚያይ ሰው ደግሞ ይከፈላል?» ብለው ተቈጡ። ሰውየው ግን የመጣው አራት ቀን ብቻ ነው፤ ልስኑ ሲነሣ፣ መሠረቱ ሲጠገን፣ ጣራው ሊመታ ሲል፣ ሥራውም ሲያልቅ። ግንበኛው ይለወጡ ካላቸው ቋሚዎች ብዙዎቹን በመዶሻ እየመታ ደኅና መሆናቸውን አሳየ። መሠረቱ ግን ከታሰበው በላይ ስለ ተቆፈረ ለግንበኛው ሊጨመርለት ይገባል ብሎ ፈረደ፤ ተጨመረለትም።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ሕንፃ የሠራ ተቋራጭ ለሥራው ጥንካሬ 10 ዓመት መድን እንዲሆን ያዝዛል። በልስን የተሸፈነው ነገር በዚያ ሁሉ ዓመት እንዳይረሳ መምህሩ የመሠረቱን ጥልቀት፣ የተለወጡትን ቋሚዎች ቍጥርና የሲሚንቶውን ልክ በደብተር ጻፈ፤ ግንበኛውና ባለቤቲቱም ፈረሙበት። ደብተሩን ከቤቱ ካርታ ጋራ ሣጥን ውስጥ ቈልፈውበታል።