ስለ ሕዝብ ቆጠራና ስለ ናሙና



ከገበያ እህል የሚሸምት አስተዋይ ሰው ጆንያውን ሁሉ ዘርግፎ ፍሬ በፍሬ አይመረምርም፤ እጁን ሰድዶ አንድ እፍኝ ያወጣና በዚያው ይፈርዳል። ነገር ግን የዘገነው ከአፉ ላይ ብቻ የሆነ እንደ ሆነ፣ ከሥር ያለው ነቀዝ ሳይታየው ይቀራል።

በጥናት ቋንቋ ጆንያው ጠቅላላ ሕዝብ፣ እፍኙ ናሙና ይባላል። የጠቅላላውን ሕዝብ እውነተኛ ሁኔታ የሚገልጸው ቍጥር ፓራሜትር ሲሆን፣ ከናሙናው ተሰልቶ የሚገኘው ስታትስቲክ ነው። ፓራሜትር አንድ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ግን ከዓይን የተሰወረ ነው። ስታትስቲክ በእጃችን ያለ ነው፤ ሌላ እፍኝ ቢዘገን ግን ሊለወጥ ይችላል።

የዚህን ነገር ታሪክ ከሶማሌ ክልል ይልቅ አጕልቶ የሚያሳይ ስፍራ ጥቂት ነው። ጅግጅጋ በአውራ ጎዳና ከሐረር ጋር የተገናኘች ከተማ ናት፤ ሽንሌና ኤረርም በቀድሞው የምድር ባቡር መሥመር ላይ የተቈረቈሩ ናቸው። ወደ እነዚህ ከተሞች መዝገብ ይዞ መግባት አያስቸግርም። ከብቱንና ግመሉን ይዞ ውሃና ግጦሽ ተከትሎ የሚዘዋወረውን አርብቶ አደር መቍጠር ግን ሌላ ድካም ይጠይቃል።

የመጀመሪያው አገር አቀፍ የሕዝብና የቤት ቆጠራ ግንቦት 1 ቀን 1976 ዓ.ም. ሲደረግ ውጤቱ 42.6 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ነበር። ይሁን እንጂ ቆጣሪ የደረሰው ከሕዝቡ 81 በመቶ ለሚሆነው ሲሆን፣ የቀረው በግምት ተሞላ። ስለዚህ ያ ቍጥር ቆጠራ ቢባልም ሙሉ ፓራሜትር ለመባል አይበቃም። ሁለተኛው ቆጠራ በጥቅምት 1987 ዓ.ም. ሲካሄድ የሶማሌ ክልል ተራ እስከ 1989 ዓ.ም. ዘገየ። በሦስተኛውም ጊዜ ሌላው አገር በግንቦት 1999 ዓ.ም. ሲቈጠር፣ ሶማሌና አፋር የተቈጠሩት በኅዳር 2000 ዓ.ም. ነው። ያን ጊዜ የሶማሌ ክልል ሕዝብ 4.4 ሚሊዮን ያህል ሆኖ ተመዘገበ።

በ2003 ዓ.ም. የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ደግሞ የናሙና ሥራ ነበር። በሶማሌ ክልል 65 የቆጠራ ቦታዎች በዕጣ ተመረጡ። ከእነዚህ 10ሩ በጸጥታ ምክንያት ቤተ ሰቦቻቸው ሳይመዘገቡ ቀሩ፤ በሌሎች 18 ቦታዎች ደግሞ ቤተ ሰቦች ቢመዘገቡም በድርቅ፣ በጸጥታና በሌላም ችግር ሳይጠየቁ ቀሩ። እንግዲህ ከ65ቱ 28ቱ አልተደረሰባቸውም ማለት ነው። ጥናቱ ለክልሉ ያወጣው ስታትስቲክ አንዲት ሴት በዕድሜዋ በአማካይ 7.1 ልጆች እንደምትወልድ ይናገራል። በዚሁ ጥናት የአገሩ 4.8፣ የአዲስ አበባ 1.5 ነበር።

የጥናቱ ዘገባ ይህን ጕድለት አልሸሸገም፤ የክልሉ ውጤት መላውን ክልል ላይወክል እንደሚችል በግልጽ ጽፎአል። ያልተዳረሰው ሕዝብ ከአገሩ ሕዝብ እጅግ ጥቂት ስለ ሆነ፣ የአገሩ ውጤት እንደማይናወጥም አስታውቆአል። ሁለቱም ትክክል ናቸው። ለአገሩ አማካይ ኢምንት የሆነው ቤተ ሰብ ግን ለገዛ ቀበሌው ኢምንት አይደለም። ክሊኒክ የሚሠራው፣ የውሃ ጕድጓድ የሚቈፈረው፣ ክትባት የሚላከው በቍጥር ነውና፣ ከናሙናው የጐደለ ከበጀቱም እንዳይጐድል ያሰጋል። በድርቅ ምክንያት ያልተጠየቀው ሰው ደግሞ ምናልባት ከሁሉ ይልቅ ርዳታ የሚሻው ነው።

ስለዚህ በጽሕፈት ጠረጴዛችን ላይ ቍጥር የያዘ ወረቀት ሲቀርብልን አራት ነገር እንጠይቅ፦ ይህ የሚናገረው ስለ ማን ነው? የተጠየቁት እነማን ናቸው? ሳይጠየቁ የቀሩትስ? ቍጥሩ የተቈጠረ ነው ወይስ የተገመተ? ይህን ሳይጠይቅ ፊርማውን የሚያኖር ሹም የጆንያውን አፍ ብቻ አይቶ እንደ ሸመተ ሰው ነው፤ ልዩነቱ ነቀዙ የሚደርሰው እርሱ ቤት አለመሆኑ ነው።