በግዞት የታየችው የባሕር ማዶ መንደር

ከወረራው በፊት ተጀምሮ ከድል በኋላ የተፈጸመው፣ በአራዳ የሚገኘው መንበረ ጸባዖት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል፣ ስለ ሀገር ነጻነት የተጋደሉ አርበኞችን በቅጥሩ አሳርፎ፣ የንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴንም አፅም ከጥቅምት 26 ቀን 1993 ዓ.ም. ጀምሮ በውስጡ ይዞ ሲኖር፣ ልጃቸው ልዕልት ሮማነ ወርቅ ግን፣ ባለቤታቸው ደጃዝማች በየነ መርዕድ በ1929 ዓ.ም. በጠላት እጅ ከተገደሉ በኋላ ከልጆቻቸው ጋር ወደ ኢጣልያ ተግዘው፣ በ1933 ዓ.ም. ዐርፈው የተቀበሩት በቱሪን ከተማ ነው። ስለ አርበኛው ብዙ ተጽፏል፤ ስለ ስደተኛውም እንዲሁ። ባሕር ተሻግሮ በወራሪው ገጠር ስለ ኖረው ግዞተኛ ግን የሚነገረው ጥቂት ነው፤ ይህም ያሳዝነኛል፤ የወራሪውን ድኻ በገዛ ደጃፉ ያዩት እነዚያ ግዞተኞች ናቸውና።

የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በገነተ ልዑል ግቢ አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በኢጣልያው እንደራሴ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከወረወሩ በኋላ፣ ከደረሰው እልቂት የተረፉ አራት መቶ ያህል መኳንንት፣ ወይዛዝርትና የተማሩ ወጣቶች በመርከብ እየተጫኑ ወደ ኢጣልያ ተወሰዱ። ከፊሎቹ በሰርዲንያ አጠገብ በምትገኘው በአዚናራ ደሴት፣ ከፊሎቹ በኔፕልስ አቅራቢያ በመርኮሊያኖ፣ ከፊሎቹም በካላብሪያ ተራሮች ውስጥ በሎንጎቡኮ ታገዱ። ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ ቀደም ብለው በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. በጎጀብ ወንዝ አጠገብ በጠላት እጅ ወድቀው በፖንዛ ደሴት ተግዘው ነበር፤ አብረዋቸው ከተማረኩት አንዱ፣ በጎጃም አድባራት ቅኔ የተማሩት ሐዲስ ዓለማየሁም በፖንዛና በሊፓሪ ደሴቶች ታስረዋል።

ፖንዛ በሮማና በኔፕልስ መካከል ካለው ጠረፍ ትይዩ፣ በባሕሩ መካከል ተነጥላ የቆመች፣ ከእሳተ ገሞራ የተወለደች ጠባብ ደሴት ናት። ሕዝቧ ያን ጊዜ ዓሣ አጥማጅና ወይን ተካይ ነበር፤ ገደሉን እርከን በእርከን አበጅቶ በትንሽ አፈር ላይ ወይን ያበቅል ነበር፤ ለስላሳውን ነጭ ዐለት ፈልፍሎ ዋሻውን ቤት አድርጎ የሚኖርም ነበር። የምንጭ ውሃ እጅግ ስለሚያንስ፣ የቤቱ ጣራ እንደ ጉልላት ክብ ሆኖ በኖራ ተለስኖ ይሠራ ነበር፤ የክረምቱ ዝናብ አንዲት ጠብታ ሳይባክን በቦዩ ወርዶ ከደጁ በታች ወደ ተቆፈረው ጉድጓድ ይገባ ነበር፤ በበጋ የቤቱ ሰው ሁሉ ያን ውሃ በልክ እየቀዳ ይጠጣ ነበር። በየዓመቱ በሰኔ ወር አጋማሽ፣ በስድስተኛው መቶ ዓመት በዚያው አካባቢ ተግዞ የሞተው የሮማ ጳጳስ የሲልቬሪዮስ በዓል ሲደርስ፣ ዓሣ አጥማጆቹ ምስሉን በትከሻቸው ተሸክመው ወደ ወደቡ ያወርዱና በጀልባ ላይ አሳርፈው በባሕሩ ላይ ያዞሩታል። በጥምቀት ታቦቱን አጅቦ ወደ ባሕረ ጥምቀት መውረድን ከሕፃንነቱ ለለመደ ኢትዮጵያዊ ይህ በዓል ከቶ ባዕድ ሊሆንበት አይችልም፤ የሚከበረውም ጳጳስ እንደ እርሱ ግዞተኛ ነበር።

በሎንጎቡኮ ደግሞ ነገሩ የተለየ ነው፤ እርሷ በሲላ ተራሮች መካከል የምትገኝ ደገኛ መንደር ናት፤ የታወቀችውም ሴቶቿ በቤታቸው በሚሠሩት ሽመና ነው። ፈትልና ሸማ የለበሰችውን ኢትዮጵያዊት ወይዘሮ በእነዚያ የሽመና ዕቃዎች ፊት ቆማ ሳስባት፣ በቋንቋ ባትግባባ እንኳ ድርና ማጉን አይታ የሥራውን ድካም እንደምታውቅ አልጠራጠርም።

የደቡብ ኢጣልያን ገጠር ከሁሉ አጥርቶ የጻፈው ግን፣ ራሱ ኢጣልያዊ ሆኖ በዚያ ምድር እንግዳ የነበረው ካርሎ ሌቪ ነው። ሌቪ የቱሪን ሰው፣ ሐኪምና ሠዓሊ ሲሆን፣ ፋሺስትን በመቃወሙ በ1927 ዓ.ም. ወደ ሉካንያ ተግዞ አሊያኖ በምትባል መንደር ኖረ። በኋላ «ክርስቶስ ኤቦሊ ላይ ቀረ» ብሎ በሰየመው መጽሐፉ እንደሚተርከው፣ የገበሬው ቤት አንድ ክፍል ብቻ ነው፤ ክፍሉን የሚሞላ አንድ ታላቅ አልጋ አለ፤ ቤተ ሰቡ ሁሉ በዚያ ላይ ይተኛል፤ ከአልጋው በታች እንስሳቱ ያድራሉ፤ ከአልጋው በላይ ሕፃናቱ በቅርጫት ተንጠልጥለው ይተኛሉ፤ በግድግዳውም ላይ የቪጃኖዋ ጥቁር እመቤታችንና የአሜሪካው ፕሬዚዳንት የሩዝቬልት ሥዕሎች ትይዩ ተሰቅለዋል። ወባው ሕዝቡን ይጨርሰዋል፤ ግብሩ ያለችውን ፍየል ይወስዳል፤ በኢትዮጵያ ላይ የታወጀውም ጦርነት ለዚያ ገበሬ ከሮማ ጌቶች የመጣ ሌላ መከራ ነበር እንጂ የእርሱ ጉዳይ አልነበረም። ልቡናዬን ዘወትር የሚነካው ደግሞ የሌቪ መፈታት ነው፤ ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ በጠላት በመያዟ ደስታ ምክንያት በታወጀው ምሕረት ከግዞት ወጣ፤ እኛ ባለቀስንበት ቀን ሰበብ አንድ ንጹሕ ሰው ተፈታ።

እንግዲህ ሥልጣኔ አመጣለሁ ብሎ በመርዝ ጭስ የመጣው መንግሥት፣ በገዛ ሀገሩ ውሃ ያላስገባለት፣ ሐኪም ያላቆመለት፣ ከወባ ያላዳነው ሕዝብ ነበረው፤ ለዚያ ሕዝብ የጎደለውን መሬት ከባለ ርስቶቹ ወስዶ እንደ መስጠት፣ በኢትዮጵያ መሬት ትወርሳለህ ብሎ ወደ እኛ ሰደደው። ጥፋቱ የፖንዛው ዓሣ አጥማጅና የአሊያኖው ገበሬ አይደለም፤ ይህን ለይቶ መናገር ለሞቱብን ወገኖቻችን ክብር መንሣት እንዳይመስል እሻለሁ።

የፋሺስቱም አለቃ ከፖንዛ አልቀረም። ሐምሌ 18 ቀን 1935 ዓ.ም. በገዛ ንጉሡ ትእዛዝ ተይዞ፣ ከሐምሌ 21 እስከ ነሐሴ 1 ቀን በዚያች ደሴት ታሰረ፤ ያስቀመጡትም ቀድሞ ራስ እምሩ ታግደውበት በነበረው ቤት ነው፤ ስድሳኛ የልደት በዓሉም በዚያው ላይ ዋለ።

የተረፉት ግዞተኞች በድል አድራጊዎቹ ጦር ነጻ ወጥተው ወደ ሀገራቸው ተመለሱ። ራስ እምሩ በኋላ መሬታቸውን ለጭሰኞቻቸው አከፋፈሉ፤ ሐዲስ ዓለማየሁም በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» የጎጃምን ገባር በባላባቱ ፊት አቁመው፣ እንዲያምፅም አደረጉት። ይህ ሁሉ ከግዞቱ ብቻ የመጣ ነው ለማለት አልደፍርም፤ ነገር ግን ሰባት ዓመት ያህል የሌላ ሀገር ድኻ ከጌታው በታች እንዴት እንደሚኖር ያየ ሰው፣ ወደ ገዛ ሀገሩ ገባር ሲመለስ ቀድሞ በሚያይበት ዓይን አይቶታል ብዬ አላምንም።