ቀለበት ያጠለቀው አጥንት

ሠዓሊዎች ብዙ እጆችን ሥለዋል፤ የአና ቤርታን እጅ ያህል ዓለምን ያስደነገጠ እጅ ግን አላውቅም። ቤርታ የፊዚክሱ ሊቅ የዊልሄልም ሮንትገን ባለቤት ነበረች። ጊዜው እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 22 ቀን 1895፣ ቦታው የጀርመኗ ቩርዝቡርግ ከተማ ነው። ባሏ እጇን በፎቶግራፍ ሰሌዳ ላይ አሳርፋ ለሩብ ሰዓት ያህል ሳታንቀሳቅስ እንድትቆይ አደረጋት። ሰሌዳው ሲታጠብ ሥጋዋ እንደ ጉም ሳስቶ፣ አጥንቶቿ ጎልተው፣ የጋብቻ ቀለበቷም በቀጭኑ አጥንት ላይ ተንጠልጥሎ ታየ። «ሞቴን አየሁ» አለች ይባላል።

ነገሩ የተጀመረው ከስድስት ሳምንት በፊት ነበር። ሮንትገን አየሩ ተመጥጦ በወጣ የብርጭቆ ቱቦ ውስጥ ኤሌክትሪክ ሲያሳልፍ፣ ቱቦው በጥቁር ካርቶን ተሸፍኖ ሳለ፣ ራቅ ብሎ የተቀመጠ ኬሚካል የተቀባ ሰሌዳ በጨለማው ውስጥ አበራ። ምንነቱን ስላልደረሰበት፣ በሒሳብ ላልታወቀ ነገር የሚሰጠውን ፊደል ሰጥቶ «ኤክስ ጨረር» አለው። እኛ ራጅ የምንለው ይህንኑ ነው።

አሠራሩ ለእኛ ለባንክ ቤት ሰዎች እንግዳ አይደለም። የብር ኖት ወደ ብርሃን አንሥተን የተሠወረውን ምስል ስንፈልግ፣ ወረቀቱ በሳሳበት ብርሃን ያልፋል፤ በወፈረበት ይታገዳል። ራጅም እንዲሁ ሥጋን በቀላሉ ዘልቆ ያልፋል፤ ካልሲየም የሞላው አጥንት ግን ይውጠዋል። በሰሌዳው ላይ የሚቀረው ጥላ ነው።

ሮንትገን የፈጠራ መብት አልጠየቀበትም፤ በ1901 የመጀመሪያውን የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ሲያገኝም ገንዘቡን ለዩኒቨርሲቲው ሰጠ። ልግስናው ያስቀናል። ታሪኩን እዚህ ላይ የሚዘጉት ሰዎች ግን ሒሳቡን ሳያወራርዱ ነው።

ክላረንስ ዳሊ ብርጭቆ ነፊና የቶማስ ኤዲሰን ረዳት ነበር። ቱቦዎቹ መሥራታቸውን የሚፈትነው የገዛ እጁን ከጨረሩ ፊት ደጋግሞ በመዘርጋት ነበር። ጨረሩ አይታይም፤ ሲነካም አያቃጥልም፤ ቁስሉ የሚመጣው ዘግይቶ ነው። የዳሊ እጆች ቆሰሉ፤ ካንሰር ገባባቸው፤ ክንዶቹ ተቆረጡ። በ1904 በ39 ዓመቱ ሞተ። ኤዲሰንም ከራጅ ሥራ ራሱን አገለለ። በ1936 በሐምቡርግ፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ሆስፒታል ግቢ፣ በዚሁ ጨረር ለሞቱ ሰዎች ሐውልት ሲቆም የ169 ሰዎች ስም ተቀርጾበት ነበር።

ከዚያ ወዲህ ብዙ መሣሪያ መጣ። አልትራሳውንድ ድምፅን ልኮ የገደል ማሚቶውን ያዳምጣል፤ ኤም.አር.አይ. በኃይለኛ ማግኔትና በራዲዮ ሞገድ ከሰውነታችን ውኃ ውስጥ ያለውን ሃይድሮጅን ያናግራል። ሁለቱም ያንን ጨረር አይሹም። በ1971 ለንደን ላይ የጎድፍሬይ ሃውንስፊልድ መሣሪያ የመጀመሪያዋን ሕመምተኛ አንጎል ያነሣበት ሲቲ ስካን ግን የራጅ ልጅ ነው፤ ከብዙ አቅጣጫ የተወሰደውን ጥላ ኮምፒዩተር አቀናብሮ ሰውነትን እንደ ተቆራረጠ ዳቦ በስሱ ያሳያል። ስለዚህም ከተራ ራጅ የበለጠ ጨረር ይጠይቃል።

ራጅ አንሺው «ትንፋሽዎን ይያዙ» ብሎ ከግድግዳው ጀርባ ሲሠወር ቅር የሚላቸው ሕመምተኞች አሉ። ሕመምተኛው የሚነሣው እንደ ቤርታ አንድ ጊዜ ነው፤ እርሱ ግን ገና ከበር ውጭ ተራ የሚጠብቀውን ሰልፍ ሁሉ ያነሣል።