የማትሪክ በር፦ ወንበሩ ስንት ነው? የቀረውስ የት ይሄዳል?

በጥር 2015 ዓ.ም. ትምህርት ሚኒስቴር የ12ኛ ክፍል ውጤት ይፋ ሲያደርግ አገር ደነገጠ። 896,520 ተማሪዎች ተፈትነው ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ነበሩ። ከመቶ 3.3 ማለት ነው። 1,161 ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም።

ያን ሰሞን ክርክሩ በሁለት ጎራ ተከፈለ። አንዱ ወገን «ኩረጃ ሲቆም እውነቱ ወጣ» አለ። ሌላው «ሳያስተምሩ ፈትነው ጣሏቸው» አለ። ሁለቱም እውነት አላቸው። ግን ሁለቱም የዘለሉት አንድ ነገር ነበር። በኢትዮጵያ የ12ኛ ክፍል ፈተና ፈተና ብቻ ሆኖ አያውቅም።

በብዙ አገር መግቢያ ፈተናና ስኮላርሺፕ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ተማሪው ፈተናውን ያልፋል፣ ዩኒቨርሲቲ ይቀበለዋል፣ ከዚያ የሚከፍልለት ይፈልጋል። እኛ አገር ሁለቱ አንድ ናቸው። ያለፈ ተማሪ ትምህርቱም፣ ዶርሙም፣ ካፌውም አብሮ ይመጣለታል። የገበሬው ልጅ ማትሪክ ሲወድቅ ያጣው ነጥብ ብቻ አይደለም። አባቱ በሬዎቹን ሸጦ እንኳ ሊከፍልለት የማይችለውን ነፃ የትምህርት ዕድል ነው ያጣው።

ስለዚህ የማትሪክ ታሪክ ከነጥብ ታሪክ ይልቅ የወንበር ታሪክ ነው። ወንበሩ ስንት ነው? ማን ይቀመጥበታል? የቀረውስ የት ይሄዳል? እያንዳንዱ መንግሥት ለእነዚህ ሦስት ጥያቄዎች የራሱን መልስ ሰጥቷል።

🔹 ከፈተናው በፊት፦ ደጅ ጥናት

በአፄ ምኒልክ ዘመን ስማቸውን የያዘው ትምህርት ቤት ተከፈተ። በ1917 ዓ.ም. ተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ተከተለ። በዚያን ጊዜ አገር ውስጥ ዩኒቨርሲቲ ስላልነበረ ከፍተኛ ትምህርት ማለት ባሕር መሻገር ነበር። ወጣቶች ወደ ፈረንሳይ፣ ወደ ግብፅ፣ ወደ ሊባኖስ፣ ወደ እንግሊዝና ወደ አሜሪካ ተላኩ።

አገር አቀፍ ፈተና የሚባል ነገር አልነበረም። ማን እንደሚሄድ የሚወስነው የመምህር ምስክርነት፣ የቤተሰብ ደጅ ጥናትና የአልጋ ወራሹ ይሁንታ ነበር። ይህ መንገድ ፍትሐዊ ነበር ማለት አይቻልም። ያም ሆኖ ትልልቅ ሰዎች ወጥተውበታል። ከእነሱ አንዱ መላኩ በያን ነው። አሜሪካ ተልኮ በኦሃዮ ተማረ፣ ከዚያም በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርቱን ጨርሶ ጣሊያን ሊወር ሲል አገሩ ተመለሰ። ከወረራው በኋላም ኒው ዮርክ ሆኖ ጥቁር አሜሪካውያንን ለኢትዮጵያ ድጋፍ አደራጅቷል።

ያ ትውልድ ግን ብዙ አልቆየም። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ጭፍጨፋ በኋላ ፋሺስቶቹ የተማረውን ወጣት እየለዩ ገደሉ። አገሪቱ በጥቂት ጥቂቱ ልካ ያስተማረቻቸውን ልጆቿን በአጭር ጊዜ አጣች። ነፃነት ሲመለስ የመንግሥት ቢሮዎች ወንበር ነበራቸው፣ የሚቀመጥበት የተማረ ሰው ግን አልነበራቸውም።

🔹 ሕዝቡ ያወጣው ስም

ይህን ክፍተት ለመሙላት በ1935 ዓ.ም. ኮተቤ ላይ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተከፈተ። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ጄኔራል ዊንጌት ተከተለ። በ1943 ዓ.ም. ደግሞ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሥራ ጀመረ። የሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ ፈተናውም ከእንግሊዞቹ ሥርዓት ተቀድቶ መጣ።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ስሙ ነው። በመንግሥት ወረቀት ላይ ፈተናው የትምህርት ቤት «መልቀቂያ» ሰርተፍኬት ይባል ነበር። ሕዝቡ ግን ማትሪክ አለው። ቃሉ የመጣው ማትሪኩሌሽን ከሚለው ነው፣ ትርጉሙም በዩኒቨርሲቲ መዝገብ ላይ መስፈር ማለት ነው። መንግሥት መውጫ ያለውን ሕዝቡ መግቢያ ብሎ ጠራው። 12 ዓመት የተማረ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ካልገባ እንዳልተማረ የሚቆጠርበት አስተሳሰብ ያኔውኑ በስሙ ውስጥ ነበር።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ይህ ብዙ አልጎዳም። ተፈታኙ ጥቂት፣ ሥራው ብዙ ነበር። ማትሪክ ያለፈ ቀርቶ የወደቀም ባንክ፣ ቴሌ ወይም አየር መንገድ በር ላይ ቆሞ የመቀጠር ተስፋ ነበረው።

አገሪቱ ራሷ ለሌሎች ስኮላርሺፕ እስከ መስጠት ደርሳ ነበር። በ1950 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ አክራ ውስጥ የነፃ አፍሪካ መንግሥታት ጉባኤ ሲካሄድ ንጉሠ ነገሥቱ ለአፍሪካውያን ወጣቶች 200 ነፃ የትምህርት ዕድል እንደሚሰጡ አሳወቁ። ከኬንያ፣ ከናይጄሪያ፣ ከታንጋኒካና ከሌሎችም አገሮች ተማሪዎች መጡ። የመጡት ግን መጽሐፍ ብቻ ይዘው አልነበረም። የፀረ ቅኝ ግዛት ትግሉን፣ የተማሪ ማኅበር ልምዱንና መንግሥትን ፊት ለፊት የመተቸት ድፍረቱን ይዘው መጡ። ከእነሱ ጋር አንድ ክፍል የተቀመጡት ኢትዮጵያውያን የራሳቸውን አገር በሌላ ዓይን ማየት ጀመሩ። የተማሪዎች ንቅናቄን ታሪክ የጻፉ ሁሉ ይህን ዕድል ከንቅናቄው መነሻዎች እንደ አንዱ ያነሱታል። ዘውዱ ለክብሩ የሰጠው ስኮላርሺፕ ዘውዱን የሚጠይቅ ትውልድ አፈራ።

🔹 በሩ ሲጠብ

በ1950ዎቹ መጨረሻ ሒሳቡ ተገለበጠ። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ቁጥር ከዩኒቨርሲቲውም ወንበር ከመሥሪያ ቤቶችም ቅጥር በፍጥነት አደገ። 12ኛን ጨርሶ ሥራ ፈትቶ የሚቀመጥ ወጣት በከተሞች በረከተ።

መንግሥት ችግሩን አላጣውም። በ1964 ዓ.ም. ሴክተር ሪቪው የተባለ ሰፊ ጥናት አስጠንቶ ነበር። የጥናቱ ሐሳብ ሲጨመቅ፣ መሠረታዊ ትምህርት ለብዙኃኑ ይስፋ፣ ወደ ሁለተኛ ደረጃና ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚወስደው መንገድ ግን ይገደብ የሚል ነበር። በወረቀት ላይ ምክንያታዊ ይመስላል። ደሀው ቤተሰብ የሰማው ግን ሌላ ነው፦ «የእናንተ ልጆች ማንበብና መጻፍ ይበቃቸዋል።» በየካቲት 1966 ዓ.ም. መምህራን ሥራ ሲያቆሙ ከታክሲ ነጂዎችና ከወታደሮች ቁጣ ጋር ገጠመ። ጥናቱ ተነሣ፣ ዘውዱም ብዙ አልቆየም። የአብዮቱ ምክንያት ብዙ ነው። ወላጆችንና መምህራንን አደባባይ ካወጡት አንዱ ግን ይኸው የትምህርት በር ጉዳይ ነበር።

🔹 ወይ ግቢ፣ ወይ ግንባር

ደርግ ሥልጣን እንደያዘ በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. የእድገት በኅብረት ዘመቻን አወጀ። የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና መምህራን፣ በጠቅላላው 60 ሺህ ገደማ ሰው ወደ ገጠር ዘመተ። ማትሪክ የሚጠብቀው ልጅ ደብተሩን ዘግቶ መሠረተ ትምህርት ሊያስተምርና ገበሬ ሊያደራጅ ሄደ። ብዙዎቹ ከዚያ በኋላ ወደ ክፍል አልተመለሱም። ቀይ ሽብር የበላቸውና የተሰደዱት በዚያ መካከል ናቸው።

የባሕር ማዶው ዕድልም አቅጣጫውን ቀየረ። ቦስተንና ለንደን ቀርተው ሞስኮ፣ ኪየቭ፣ ሶፊያ፣ ፕራግና ምሥራቅ በርሊን መጡ። ወደ ኩባዋ የወጣቶች ደሴት የተላኩት ልጆችም በሺዎች ይቆጠራሉ፣ ከእነሱም ብዙዎቹ በጦርነት ወላጅ ያጡ ነበሩ። ዛሬ በየሆስፒታሉና በየዩኒቨርሲቲው ያሉ አንጋፋ ባለሙያዎች ብዙዎቹ የዚያ ዘመን ፍሬ ናቸው። ለምርጫው ነጥብ ያስፈልግ ነበር። ከነጥቡ ጎን ደግሞ የቀበሌ፣ የማኅበርና የፓርቲ ድጋፍ ይቆጠር ነበር። ደጅ ጥናቱ አልቀረም፣ ደጁ ነው የተቀየረው።

አገር ውስጥ ደግሞ ዩኒቨርሲቲ ሲባል አዲስ አበባ፣ አሥመራና በኋላም ዓለማያ ነበሩ። በዚያን ጊዜ የማትሪክ ውጤት ከአራት ነጥብ ይሰላ ነበር። ሁለት ነጥብ ማለፊያ ቢሆንም ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባው ከዚያ እጅግ ከፍ ያለ ነበር፣ የሚወስነውም የወንበሩ ቁጥር ነው። በ1975 ዓ.ም. የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ከወጣ በኋላ ደግሞ የወደቀ ወንድ ልጅ የሚጠብቀው ሥራ ማጣት ብቻ አልነበረም። እናቶች በማትሪክ ሰሞን ስለት የሚሳሉት ለዲግሪ ብቻ አልነበረም፣ ልጃቸው ከአፈሳ እንዲተርፍም ነበር።

🔹 በሩ ሲሰፋ

ኢሕአዴግ ሲገባ በእጁ ያገኘው ሁለት ዩኒቨርሲቲ ነው። ሲወጣ ከ40 በላይ ሆነው ነበር። በ1986 ዓ.ም. የትምህርት ፖሊሲው ወጣ። ከ1993 ዓ.ም. ጀምሮ የ10ኛ ክፍል ፈተና መጣ፣ በ1995 ዓ.ም. ደግሞ የድሮው ማትሪክ ቀርቶ የ12ኛ ክፍል የከፍተኛ ትምህርት መግቢያ ፈተና ተተካ። በዚያው ሰሞን የወጪ መጋራት ሥርዓት ተደነገገ፣ ተማሪው ተምሮ ሥራ ሲይዝ ከደሞዙ እንዲከፍል ፈረመ። ነፃ ዕድሉ ብድር መሰለ፣ በሩ ግን ሰፋ።

ይህ መስፋት ውለታ አለው። ከአርብቶ አደር ቀዬ፣ ከደጋ ጫፍ፣ ከዚያ በፊት አንድም ምሩቅ ካልወጣበት ቀበሌ ሐኪምና መሐንዲስ ወጥቷል። ሴቶች ልጆች በገፍ ግቢ ገብተዋል። ይህን መካድ ግፍ ነው።

ችግሩ፣ ወንበር በመቁረጫ ነጥብ ይሞላል፣ ዕውቀት ግን በመቁረጫ ነጥብ አይመጣም። ወንበሩ ሲበዛ ነጥቡ ወረደ፣ አንዳንድ ዓመት ከግማሽ በታች ላመጡም በሩ ተከፈተ። ታች ያለው ትምህርት ቤት መምህር ይጉደለው፣ መጽሐፍ ይጉደለው የጠየቀ አልነበረም፣ ልጁ እያለፈ ነዋ! ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው።

ፈተናው ላይ ያለው እምነትም ተሸረሸረ። በግንቦት 2008 ዓ.ም. የእንግሊዝኛው ፈተና በማኅበራዊ ሚዲያ ተለቀቀ። ያወጡት አክቲቪስቶች ምክንያታቸውን አልደበቁም። በተቃውሞው ምክንያት የኦሮሚያ ተማሪዎች ለወራት ከትምህርት ውጭ ነበሩና ፈተናው ይራዘም አሉ። መንግሥት ፈተናውን ሰርዞ ሐምሌ ላይ ደግሞ ሰጠ፣ በፈተናው ቀናትም ማኅበራዊ ሚዲያን ዘጋ። በዓመቱ ደግሞ ኢንተርኔቱ ራሱ ተዘጋ። የአንድ ትውልድ ዕድል በአንድ ሳምንት ወረቀት ላይ ሲንጠለጠል፣ ያን ወረቀት ለመጠበቅ የአገር መስመር ይቆረጣል።

🔹 ባዶው ወንበር

በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ተፈታኞች ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ተጓጉዘው ተፈተኑ። ውጤቱ ያ የ3.3 ቁጥር ሆነ። በቀጣዩ ዙር 845,099 ተፈትነው 27,267 አለፉ፣ 3.2 በመቶ። ከዚያ 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 በመቶ ደረሰ። መሻሻል አለ። አሁንም ግን ከአሥሩ ዘጠኙ ይወድቃሉ።

እዚህ ላይ በታሪካችን ያልታየ ነገር አለ። በንጉሡም በደርጉም ጊዜ ተማሪው በዝቶ ወንበሩ ያንስ ነበር። ዛሬ ወንበሩ ተርፎ የሚቀመጥበት ጠፋ። 29,909 ተማሪ ለ45 ዩኒቨርሲቲ ቢካፈል ለአንዱ 660 ገደማ ይደርሰዋል። ጉድለቱን ለመሙላት ግማሽ ያላመጡ ተማሪዎች እየተማሩ እንደገና የሚፈተኑበት የሪሚዲያል ፕሮግራም መጣ። በአጭር ጊዜ የ12 ዓመት ጉድለት ይሞላ ተባለ።

ዕድሉን ሳይፈተኑ ያጡም አሉ። የትግራይ ተማሪዎች በጦርነቱ ምክንያት ዓመታት ጠብቀው በ2016 ዓ.ም. መጀመሪያ ነው ልዩ ፈተና የተቀመጡት። በአማራ ክልልም ግጭቱ ብዙ ሺህ ልጆችን ከፈተና አዳራሽ አስቀርቷል። እነዚህ ከመቶኛው ስሌት ውስጥ እንኳ የሉም።

ወደ ውጭ የሚያመለክተው ተማሪስ? የቻይና፣ የቱርክ፣ የሃንጋሪና የሌሎች መንግሥታት ዕድሎች በየዓመቱ ይወጣሉ። የአሜሪካ ኮሌጅ የሚፈልግ ኤስኤቲ ይፈተናል፣ ክፍያው በዶላር ነው። ለዚህ ሁሉ ኢንተርኔት፣ ፓስፖርት፣ የማይሰበር እንግሊዝኛና ቅጹን የሚያሳይ ሰው ያስፈልጋል። የመዲናዋ የግል ትምህርት ቤት ልጅ አማካሪ አለው። አንድም ተማሪ ባላሳለፈ የወረዳ ትምህርት ቤት ያለ ጎበዝ ልጅ ማመልከቻው የተዘጋበትን ቀን እንኳ አይሰማም። ድሮ ደጅ የሚጠናው ቤተ መንግሥት ነበር። ዛሬ ደጁ ስክሪን ላይ ነው፣ ማን እንደሚደርስበት ግን ያው የቤተሰቡ አቅም ነው የሚወስነው።

🔹 ማን ነው የወደቀው?

ኩረጃውን ማስቆም ትክክል ነበር። ያልተማረን ተምሯል ብሎ መላክ ራሱ በደል ነው። ግን እውነትን መናገርና ዕዳን ማን ላይ መጣል ሁለት ነገር ነው። 1,161 ትምህርት ቤቶች ዜሮ ሲያመጡ ተማሪዎቹ ወድቀው ቤታቸው ገቡ። ዳይሬክተሩ፣ የወረዳው ጽሕፈት ቤት፣ የክልሉ ቢሮ በማግስቱ ሥራቸው ላይ ነበሩ። በየዓመቱ ከፍተኛ ውጤት ያመጡት ይሸለማሉ፣ ፎቷቸው ይዞራል፣ ይገባቸዋልም። ዜሮ ያመጣው ትምህርት ቤት ስም፣ የመምህሩ ቁጥር፣ የቤተ ሙከራው ሁኔታና በቀጣዩ ዓመት ምን እንደተደረገለት ግን በዚያው ልክ አይነገርም።

መደረግ ያለበት ከባድ ምርምር አይጠይቅም። ከውጤቱ ጋር የየትምህርት ቤቱ ዝርዝር ይውጣ። ዜሮ ላመጣው ቀድሞ መምህርና መጽሐፍ ይድረስ። ጉድለቱ 12ኛ ላይ ሳይሆን አራተኛና ስምንተኛ ክፍል ላይ ይፈለግ። ግቢ ላልገባው ዘጠና ከመቶ ደግሞ ሙያ የሚማርበት፣ የማያፍርበት መንገድ ይዘጋጅለት።

ማትሪክ ከ70 ዓመት በላይ ተማሪውን ሲፈትን ኖሯል። ትምህርት ቤቱን የሚፈትን ግን እስካሁን አልተቀመጠም።